የስድስት ወር ዘማቾች

ከእኛ ሻለቃ ያነሰ የተዋጋ፣ ከእኛ ሻለቃ የበለጠ የተጨቃጨቀ ጦር በዚህች አገር ያለ አይመስለኝም። ውጊያችን በጠቅላላው ግማሽ ቀን ነበር። የግማሽ ቀኑን ታሪክ ለመጻፍ ግን አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጀብን፤ ያውም ሁለት ጊዜ ተኳርፈን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለቡጢ ተጋብዘን። በዘመቻው ጊዜ የሻለቃው ጸሐፊ ስለነበርኩ የታሪኩም ጸሐፊ እንድሆን በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። ከዚያ በኋላ በሙሉ ድምፅ የተስማማንበት ነገር ትዝ አይለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በደርግ ማብቂያ ገደማ ነው። በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ተጠርቶ ለስድስት ወር ብቻ በፈቃዱ የሚዘምት ሰው ተፈለገ። ስድስት ወር ያገለገለ ለሁለት ዓመቱ ብሔራዊ ውትድርና አይጠራም፣ ደመወዙም አይቋረጥም ተባለ። እኔ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ሒሳብ ባላስተምርም ስድስት ወር ከሁለት ዓመት እንደሚያንስ አልጠፋኝም። እጄን አወጣሁ። አጠገቤ የጎረቤቴ ልጅ ተቀምጦ ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ ሙያ የሚለማመድ፣ ዕድሜው ሃያ አንድ የሆነ፣ ለእናቱ አንድ ወንድ ልጅ። አየት አደረገኝና እሱም አወጣ። ምንም አላልኩትም። ምን ልበለው? ለስድስት ወር አብሮኝ የሚጫወት ሰው በማግኘቴ እንደውም ደስ ብሎኝ ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከጉራራና ከዚያ በላይ ካሉት ሰፈሮች ብዙ ሆነን ተሰበሰብን። አስተማሪ፣ ጎሚስታ፣ ሸማኔ፣ የቢሮ ተላላኪ፣ ባለሱቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ። ለአንድ ወር ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ተማርን። እኔ መፍታቱን ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተጭነን፣ አንድ ቆላ ወርደን፣ ወንዝ ዳር ሰፍረን ድልድይ እንድንጠብቅ ታዘዝን። ጠበቅን። ስድስት ወራችን ሳያልቅ የላከን መንግሥት አለቀ። ድልድዩን ለማን እንደምናስረክብ የሚነግረን ሰው ጠፋ፤ እዚያው ትተነው በየአቅጣጫው ተበተንን። ከኛ ውስጥ አንዳንዱ ሱዳን ገባ፣ አንዳንዱ ተማረከ፣ አብዛኛው በእግሩም በለመነው መኪናም አዲስ አበባ ደረሰ። ተሃድሶ ገባን፣ ወጣን፣ ወደ ሥራችን የተመለስነው ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የድሮ ወታደር ነበርኩ ብሎ ማውራት ብዙም የሚያስከብር ነገር አልነበረም። እኛ ግን ናፈቅን። ጦርነቱ አይደለም የናፈቀን፣ መተራረቡ ነው። ማኅበር እንመሥርት ብንል ፈቃድ የሚሰጠን የለም። ጽዋ እንጠጣ ብንል ወጥ ቤታችን የነበረው ባለሱቁ የስልጤ ሙስሊም ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ጴንጤ ሆነዋል። በመጨረሻ የሻለቃው ሃምሳ አለቃ፣ አሁን የታክሲ ሹፌር የሆነው፣ መላውን አገኘ። የጤና ቡድን መሠረትን። በዚያ ዘመን አሥራ ሁለት ጎልማሶች በእሑድ ጠዋት ቱታ ለብሰው ቢሰበሰቡ ማንም ምን ሠሩ አይልም፤ ደም ግፊታቸውን እየተከላከሉ ነው ይላል።

መድረሻችን በወረቀት ላይ እንጦጦ ራጉኤል ነበር። ከፈረንሳይ ተነስተን ሽቅብ በባሕር ዛፉ መሀል እንሮጣለን፤ ሩጫው ወደ እርምጃ፣ እርምጃው ወደ መቆም፣ መቆሙ ወደ ወሬ ይቀየራል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ራጉኤል የደረሰ አንድ ሰው ነው፣ እሱም ለንግሥ፣ በታክሲ። ከግማሽ መንገድ ላብ በላብ ሆነን ቁልቁል እንመለስና ተራራው ግርጌ ካለች የቆርቆሮ ሻይ ቤት እንገባለን። እዚያ የምናወራርደው ቦንቦሊኖ ሽቅብ ያቃጠልነውን ስብ በእጥፍ ይመልሰዋል። ሚስቴ፣ «ይሄ ቡድን ውስጥ ሳትገባ ከስተህ ነበር» ትለኝ ነበር።

ሻይ ቤቷ የእማማ ናት። እማማ የምላቸው ያ አጠገቤ ተቀምጦ እጁን ያወጣው ልጅ እናት ናቸው። እሱ ከቆላው አልተመለሰም። ሦስተኛው ወር ላይ ሞተ። እናቱ ግን መሞቱን አያውቁም ነበር። እንዳያውቁ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ይህን ስጽፍ ክፉ ሰው እንዳልመስል እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ የሆነውን ልንገራችሁ። ከቆላው የተመለስኩ ቀን ገና በሩን ሳልከፍት እማማ አጥሩ ጋ ቆመው አገኘኋቸው። ከአካባቢው ዘማቾች መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ብቻዬን። መርዶ ደግሞ ለብቻ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይነገረዋል፣ ማልደው ይሄዳሉ፣ የሚደግፍና ውሃ የሚያቀብል ሰው አብሮ ይቆማል። በመንገድ ላይ፣ ጺሙን ያልተላጨ፣ ሦስት ሳምንት በእግሩ የመጣ ሰው ብቻውን አፉን ከፍቶ የሚናገረው ነገር አይደለም። እሳቸውም፣ «ልጄስ? አብሮህ አይደለም?» አሉኝ። እኔ ሰው እስካሰባስብ ድረስ ለአንድ ሁለት ቀን የሚሆን ነገር ፈለግኩና፣ «ወደ ሱዳን ተሻግሯል ሲባል ሰምቻለሁ» አልኩ። እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ደነገጥኩና ሌላ ጨመርኩበት፤ «ግን እማማ፣ ለማንም እንዳይነግሩ፤ የተሻገሩትን ይፈልጓቸዋል ይባላል» አልኩ።

በዚያች በጨመርኳት ነገር ሁሉም ነገር ተቆለፈ። እሳቸው ለልጃቸው ፈርተው ለማንም አልተነፈሱም። የሻለቃው ሰዎች አንድ በአንድ ሲመለሱ ደግሞ፣ ጸሐፊው ጎረቤታቸው ነው፣ ቀድሞም ደርሷል፣ መርዶውን አስነግሯል ብለው ደመደሙ። ቁስላቸውን እንዳይነኩ ብለው የልጁን ስም በፊታቸው አንስተው አያውቁም። «ጠንካራ ሴት ናቸው፣ እንዴት እንደቻሉት» ይባባላሉ እንጂ። አንድ ሁለት ቀን ያልኩት ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ዓመት ሆነ፣ እኛ የጤና ቡድን መሥርተን እሳቸው ቤት ሻይ መጠጣት ስንጀምር አራተኛው ዓመት ሊያልቅ ነበር።

ውሸቴ ማንንም የማይጎዳ መስሎኝ ልቤን ላሳርፍ እሞክር ነበር። ግን ይጎዳ ነበር። እማማ ሐዋሳ ያገባች ሴት ልጅ አለቻቸው። በየበዓሉ እየመጣች፣ «እማዬ፣ እባክሽ አብረሽኝ ነይ፣ ይኼን ዳገት ውሃ ተሸክመሽ አትመላለሺ» ትላለች። እሳቸው እምቢ ነው። አንድ ጊዜ ሰው አለመኖሩን አይተው ምክንያቱን በጆሮዬ ነገሩኝ። «መጥቶ ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?» አሉኝ። የያዝኩትን ቦንቦሊኖ ወደ ሳህኑ መለስኩት።

ታሪኩ ይጻፍ ያለው ሃምሳ አለቃው ነው። ልጁ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ ስለነበር በነፃ እንደምትተይብልን ቃል ገባች። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሃምሳ አለቃው ሰብሳቢ፣ ባለሱቁ አባል፣ እኔ ጸሐፊ። የቀረው ቡድን እሑድ እሑድ እየሰማ ድምፅ ይሰጣል። አንድም መስመር ያለ ድምፅ አይገባም ተባለ። በዘመቻው ጊዜ ያልጠየቁንን አሁን ልንካስ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የተጣላነው ስንዋጋቸው የነበሩትን ምን እንበላቸው በሚለው ነው። በዘመቻው ጊዜ የምንጠራቸው ስም ነበር፤ እንዳንጽፈው ሰዎቹ አሁን ቤተ መንግሥት ገብተዋል። ሃምሳ አለቃው «ጠላት» ይባል አለ። ባለሱቁ ተነሳ።

«የንግድ ፈቃዴን የሚያድሱልኝን ሰዎች ጠላት ናቸው ብዬ አልፈርምም» አለ።

«ታዲያ ምን ልንላቸው ነው? ዘመዶቻችን?»

«ዘመድ አይደሉም እንዴ! የኔ የአጎቴ ልጅ ከነሱ ጋር አልነበር?»

ሦስት እሑድ ከተነታረክን በኋላ «ያኛው ወገን» በሚለው ተስማማን። ከዚያ ወዲያ በታሪካችን ውስጥ የሚተኩሰው ያኛው ወገን ነው፣ የሚደነግጠውም ያኛው ወገን ነው። እኛ አንድም ቦታ ላይ አልሸሸንም፤ ስልታዊ በሆነ መንገድ ቦታ እንቀይራለን። የግማሽ ቀኑን ውጊያ ስጽፍ ሁሉም ሰው ግንባር ላይ ነበርኩ አለ። እንደ ቃላቸው ከሆነ ግንባሩ ላይ የነበርነው ከሻለቃው ቁጥር ይበልጣል። ወጥ ቤቱ ሳይቀር ድስቱን ጥሎ መትረየስ እንደያዘ ነገረን። እኔ ራሴ በዚያን ቀን የስም መዝገቡን ታቅፌ ድልድዩ ሥር እንደነበርኩ ሁሉም ያውቃል፤ ግን በርኅራኄ «ሰነድ ሲያድን ነበር» ብለው አጸደቁልኝ።

እውነቱን ለመናገር እነዚያ እሑዶች የሕይወቴ ደስ የሚሉ እሑዶች ነበሩ። ዛሬ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ጠዋት ጠዋት ወደ መገናኛ የሚሄድ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፊት ያለው ሰው ከኋላው ካለው ጋር ሲጨቃጨቅ ስሰማ ያቺ ቆርቆሮ ቤት ትመጣብኛለች። ጥርሳችን እስኪደርቅ ነበር የምንስቀው። እማማ ሻይ እያቀረቡ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይገባቸው፣ አብረውን ይስቃሉ።

ግን ከሳቁ ሥር የምፈራው ነገር ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ የሞቱት ስም ዝርዝር ነው። መጽሐፉ ሲባዛ ስሙ ይወጣል፤ መጽሐፉ ደግሞ በሰፈሩ መዞሩ አይቀርም፤ አንዱ ደንበኛ ሻይ እየጠጣ ጮክ ብሎ ያነብበዋል። ስለዚህ እዚያ ምዕራፍ እንዳንደርስ የማደርገው ነገር አስፈለገኝ። አገኘሁም። በቅሎዋን አገኘሁ።

ስንቅ የምትጭንልን በቅሎ ነበረችን። ሃምሳ አለቃው ዳማ ነበረች ይላል፣ ባለሱቁ ግራጫ ነበረች ይላል። በቅሎዋ ዳማ ነበረች። በእጄ ሣር አብልቻታለሁ፣ አውቃለሁ። ግን ነገሩ ሊበርድ ሲል ቀስ ብዬ፣ «ከጎኗ በኩል ግን ግራጫ ቢጤ አልነበረችም?» እላለሁ። እሳቱ ይቀጣጠላል። ባለሱቁ፣ «እኔ አይደለሁም እንዴ ስጭናት የኖርኩት!» እያለ ጠረጴዛ ይመታል። ሃምሳ አለቃው፣ «አንተ የጫንካት ጨለማ ውስጥ ነው!» ይላል። በዚህ ዘዴ ሰባት ሳምንት አገኘሁ። በቅሎዋ አራት ገጽ ወሰደች። ከአዛዣችን የበለጠ የተጻፈላት እሷ ናት።

በስምንተኛው ሳምንት የሃምሳ አለቃው ልጅ ልታገባ መሆኑ ተሰማ። ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ከሰርጉ በኋላ ሥራዋን ትለቃለች። አባትየው ጠረጴዛውን መታና፣ «በቃ! በቅሎዋ ዳማም ግራጫም ናት። በሚቀጥለው እሑድ የሰማዕታቱ ዝርዝር ይቅረብ» አለ። እማማ ከኋላዬ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር። እኔ ቶሎ ብዬ፣ «የሞተ ሰው ስም ሻይ ቤት አይጠራም፤ ተራራው ላይ እናንብበው» አልኩ። ሁሉም ተገቢ ነው አለ።

በእሑዱ ባሕር ዛፉ ሥር ክብ ሠርተን ቆምን፣ ኮፍያ ያደረገ ኮፍያውን አወለቀ። የሞቱብን አሥራ አንድ ናቸው። እውነቱ ሦስቱ በጥይት፣ አንዱ መኪና ተገልብጦ፣ የቀሩት በወባ ነው። ኮሚቴው ግን ሁሉም «ሲፋለሙ ተሰዉ» እንዲባል ቀደም ሲል ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ወባ ታሪክ አይሆንም ተብሎ ነው። አንድ በአንድ አነበብኩ። የእማማን ልጅ መጨረሻ ላይ ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ ድምፄ እንደማይታዘዘኝ አውቄ ነው። ስሙን ጠርቼ ወረቀቱን አጠፍኩ።

ባለሱቁ ዓይኑን ጠረገና፣ «እኚህ ሴትዮ ግን ይገርሙኛል። እኔ ያኔ አገሬ ገብቼ ስለነበር አልደረስኩም። መርዶውን ማን ማን ነው የነገራቸው?» አለ።

«እኔ አይደለሁም» አለ ሃምሳ አለቃው። «እኔም ተማርኬ ነበር» አለ ጎሚስታው። እየተጠያየቁ መጡና ዓይኖቹ ሁሉ እኔ ላይ አረፉ።

«ማንም አልነገራቸውም» አልኩ። «ሱዳን ነው ብያቸዋለሁ።»

ከዚያ ምን እንደተባለ ሁሉንም አልጽፈውም። ሃምሳ አለቃው እጁን አንስቶ መልሶ አወረደው። ሰው እንዲመታኝ የተመኘሁበት ቀን ያ ብቻ ነው። ባለሱቁ ሳይጮህ፣ «እኛ እዚያ ቤት ስንስቅ ከረምን ማለት ነው? እሳቸው እየጠበቁ፣ እኛ ስለ በቅሎ?» አለኝ። አፈርኩ። ያን ቀን ሻይ ሳንጠጣ በጉራራ በኩል ዞረን ወደየቤታችን ሄድን።

በሳምንቱ መሀል ባለሱቁ ቤት ተሰብስበን መርዶው በሚቀጥለው እሑድ ማለዳ እንዲነገር ተወሰነ። የሐዋሳዋ ልጅ ቅዳሜ ማታ ገብታ አክስቷ ቤት እንድታድር መልእክት ላክን። ለእድሩ ዳኛ በምስጢር ተነገራቸው፣ ድንኳኑ ተዘጋጀ። አንድ ነገር ግን ቸገረን። አሥራ ሁለት ወንድ ጋቢ ለብሶ በንጋት በዚያ መንገድ ከታየ፣ እኛ በሩ ሳንደርስ ሰፈሩ ያውቃል፣ እሳቸውም ከሩቅ አይተው ብቻቸውን ይወድቃሉ። ሃምሳ አለቃው እንደገና መላ አመጣ። ቱታችንን ለብሰን እንሄዳለን፤ ቀኑም ሰዓቱም የሩጫችን ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። አጠገባቸው ከደረስን በኋላ እንደግፋቸዋለን። ብልህ ዕቅድ ነበር። በስድስት ወር ዘመቻችን እንዲህ ያለ ዕቅድ ቢኖረን ኖሮ ድልድዩን እስካሁን በያዝነው ነበር።

በእሑዱ ገና ሰማዩ ሲገላለጥ ከታች ከአስፋልቱ ተነስተን ሄድን። እማማ ከሰሉን አቀጣጥለው ማንቆርቆሪያውን ሊጥዱ ጎንበስ ብለዋል። ኮቴያችንን ሰምተው ቀና አሉና ፈገግ አሉ።

«ዛሬ ምነው ማለዳችሁ? ገና ውሃው አልሞቀም። ግቡ፣ ግቡ።»

ገባን። ማንም አልተቀመጠም። መናገር የነበረበት ሃምሳ አለቃው ነው፣ በዕድሜም በማዕረግም፤ እሱ ግን የቱታውን ዚፕ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። እማማ ብርጭቆ መደርደር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ አምስት ደርሰው ቆሙ። ዓይናቸው የጎሚስታው ግንባር ላይ ሄደ፣ ከዚያ የባለሱቁ፣ ከዚያ የእኔ። ስድስተኛዋን ብርጭቆ እንደያዙ፣

«አልሮጣችሁም» አሉ። «አንዳችሁም ላብ የለባችሁ።»

ስለዚህ ነገር አሥራ ሁለታችንም አላሰብንም ነበር። ሁልጊዜ የምንመጣው ከላይ፣ ከተራራው ነው፣ እያለከለክን፣ ፊታችንን በእጅጌያችን እየጠረግን። ያን ቀን ከታች፣ ደርቀን መጣን።

«ምን ሆናችሁ ነው የመጣችሁት?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ምን ልትነግረኝ ነው ይኼን ሁሉ ሰው ያመጣኸው?»

ባለሱቁ ክንዳቸውን ያዘና፣ «እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ። ብርጭቆዋ ወደቀች። በስድስት ዓመት ያልወጣ ጩኸት እንዴት እንደሆነ ልጽፈው አልችልም፤ እኔ ያን ጩኸት ሰምቼዋለሁ፣ ማንም እንዲሰማው አልመኝም።

ለቅሶው እንደሚገባው ሆነ። ድንኳኑ ተተከለ፣ ልጃቸው ደረሰች፣ ሰፈሩ ሁሉ መጣ፣ በዚያ ዓመት ያልታየ ሕዝብ ነበር። እኔ ከድንኳኑ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሦስት ቀን አልተነሳሁም። እማማ አንድም ጊዜ አላዩኝም። ሚስቴ ቤት ግባ ብትለኝ እምቢ አልኩ። በስንት ዓመቴ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ የተመደብኩበትን ቦታ ሳልለቅ ልቆይ ብዬ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ልጃቸው መጥታ «እማዬ ትጠራሃለች» አለችኝ። ገባሁ። ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸው አብጧል። ልንበረከክ ስል፣ «ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ለምን?» አሉ።

«ብቻዬን ነበርኩ፣ እማማ። መርዶ ለብቻ አይነገርም ብዬ፣ ሰው እስካሰባስብ...»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስታሰባስብ ኖርክ?»

ሳቅ ሊያመልጠኝ ትንሽ ቀረኝ። እሳቸው አልሳቁም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እሑድ እሑድ የምትጽፉት ነገር የእሱ ታሪክ ነው አሉኝ። ይኸው ስንት ወር ሙሉ እዚሁ ቤቴ ነው የጻፋችሁት። ስለሱ ያለውን አንብብልኝ» አሉ።

ጽሑፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ወፍራም ነው። ገለበጥኩ፣ ገለበጥኩ። ስለ ድልድዩ አለ፣ ስለ በቅሎዋ አለ፣ ስለ ሃምሳ አለቃው ጀግንነት አለ፣ ድልድይ ሥር ሰነድ ስላዳነው ጸሐፊም አለ። የእሱን አገኘሁ። ስሙ፣ የቀበሌው ቁጥር፣ ቀጥሎ፣ «ከያኛው ወገን ጋር ሲፋለም ተሰዋ።» አነበብኩላቸው።

ወደ ወረቀቱ ጠጋ አሉ።

«ሌላስ?»

«ይኼው ነው፣ እማማ።»

«በጥይት ነው?»

ጎኔ የተቀመጠችው ልጃቸው ታየኛለች። አዎ ማለት ይቻል ነበር። ሲፋለም ወደቀ ቢባል ለእናት ሳይሻል አይቀርም፣ ኮሚቴውም ድምፅ ሰጥቶበታል። ለአንድ አፍታ ያ የድሮው ለአንድ ሁለት ቀን የሚሆን ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ።

«አይደለም» አልኩ። «በወባ ነው። በድንኳን ውስጥ ተኝቶ ነው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

«መጨረሻው ድረስ?»

«መጨረሻው ድረስ።»

እጃቸውን እጄ ላይ ጣል አደረጉ፣ ሊይዙኝ ይሁን ሊያስቆሙኝ አላወቅኩም።

«ወባ ያስጠማል ይላሉ። ውሃ ነበራችሁ?»

«ወንዙ አጠገባችን ነው። አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ በኮዳው ክዳን እያደረግኩ ሰጠሁት።»

«ጠጣ?»

«ጠጣ፣ እማማ። ሦስት ክዳን ጠጣ። ጭስ ጭስ ይላል አለኝና ደግሞ ጨምርልኝ አለ።»

ይህ እውነት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይዤው የኖርኩት፣ ለማንም ያልነገርኩት፣ የትም ያልጻፍኩት እውነት ነው። ይህን ስናገር እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ ጓደኛዬ ከሞተ ጀምሮ ለእሱ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እማማ አላለቀሱም። ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ጨምርልኝ አለ» ብለው ለራሳቸው ደገሙት። ከዚያ ወረቀቱን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ያንን አጥፋውና ይኼን ጻፍ» አሉኝ።

ኮሚቴው አልተጠራም፣ ድምፅም አልተሰጠም። ጽሑፉን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ፣ መስመሩን ሰረዝኩ፣ ክዳኑን፣ ጭሱን፣ ጨምርልኝ ማለቱን ጻፍኩ። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ አራት ነጥቡን እስካስቀምጥ ድረስ ግን ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አላነሱም።